«አሜሪካ» የሚባለው ቡድናችን

መቼ እንደ ነበር በትክክል አላስታውስም። እዚያ አገር ሳለን ዓመቱን የምናውቀው አንበጣ በመጣበትና ዝናብ በቀረበት ስለ ነበር፣ የወተት ጥርሴ ረግፎ ማለቁን ብቻ አውቃለሁ። ነገሩን የሚመልስልኝ ሽታ ነው፤ የረጠበ ቆዳ እሳት አጠገብ ሲቀመጥ የሚያወጣው፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ። ባለፈው ክረምት እዚህ እስራኤል፣ ኔቬ ኦዝ በሚባለው ሰፈር ከልጄ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ የልጄ ባል ጌታቸው በዝናብ የራሰ የቆዳ ጫማውን ማሞቂያው ፊት ደርድሮ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣ ያ ሽታ መጥቶ ልቤን ከቦታው አነሳው፤ ከዚያ ወዲያ አርፎ መቀመጥ አቃተኝ።

አሜሪካኖች ኳስ የሚጫወቱት እኛ ተኝተን ሳለን ስለሆነ ጌታቸውና ጓደኛው ማሩ ውጤቱን ሳይሰሙ ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ድጋሚውን ሊያዩ ነበር የተቀመጡት። ጨዋታው ሳይጀመር ክርክሩ ተጀመረ።

«አገሩ ያን ያህል፣ ገንዘቡ ያን ያህል፣ ሜዳው እንደ ምንጣፍ፤ ታዲያ አሥራ አንድ ሰው ያጣሉ?» አለ ማሩ።

«ሰውማ መቼ ጠፋ! እዚያ ልጅ ኳስ የሚማረው ወላጁ እየከፈለለት ነው፤ የድሃ ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል» አለ ጌታቸው።

«ተዉ እባካችሁ፣ ሴቶቻቸውስ ከፍለው ተምረው ዓለሙን ያሸንፉ የለም እንዴ?» አለች ልጄ ከኩሽና።

«የወንዶቹ ሌላ ነው። ረጃጅሞቹን ቅርጫት ኳስ ይወስዳቸዋል፣ ደንዳኖቹን ያ በእጅ የሚጫወቱት ይወስዳቸዋል፣ ለብሔራዊ ቡድን የሚተርፈው እንደ ማሩ ያለው ነው!» አለ ጌታቸው።

የልጅ ልጄ ያኤል ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ በዕብራይስጥ «ክቫር ሂፍሲዱ» አለች፤ ተሸንፈው አልቀዋል ማለቷ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ራሳቸውን ይዘው ጮኹባት። ማሩ ተናዶ ወደ እኔ ዞረና፣

«አባባ፣ እርስዎስ ለማን ነዎት?» አለኝ።

«ለአሜሪካ።»

«ምነው፣ ቪዛ አሰቡ እንዴ?»

«በልጅነቴ ለአሜሪካ ተጫውቻለሁ» አልኩት። ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ሽማግሌው መዘባረቅ ጀመረ ብለው ነው መሰለኝ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ውሸት አልነበረም። ያን ዕለት ልነግራቸው ብዬ ቃሉ ስለ ጠፋብኝ አሁን ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ።

መንደራችን ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ የእኛ የቤተ እስራኤል ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ነበረች። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። የከተማው ሰው ማረሻውን ከአባቴ እያሠራ፣ እንስራውን ከእናቴ እየገዛ፣ ዞር ሲል ግን ቡዳ ይለን ነበር፤ የቀጥቃጭ ዓይን ሰውም ይበላል፣ ከብትም ይበላል፣ ዕቃም ይሰብራል ይሉ ነበር። እኛም በበኩላችን እነሱን አንነካም ነበር፤ የሌላ ሃይማኖት ሰው የነካው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት ስለማይገባ፣ «አትንኩኝ» የሚል ስም አውጥተውልን ነበር። እነሱ እየፈሩን፣ እኛ እየራቅናቸው፣ በአንድ ገበያ እየተገናኘን እንኖር ነበር።

መስከረም ሲጠባ አባቴ የከተማው ትምህርት ቤት አስገባኝ። ታላቅ እህቴ፣ እታለም እያልኩ የምጠራት፣ የእናቴን ድስትና ጀበና አዝላ ገበያ ስለምትወርድ መንገዱን አብረን እንሄድ ነበር፤ እሷ ለገዢዎቿ የምትመልሰውን መልስ ብቻዋን እየተለማመደች ትቀድመኛለች፣ እኔ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ እየለጋሁ እከተላታለሁ። እግሬ አያርፍም ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ልጆቹ በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ከግድግዳው ተለጥፌ ስቆም እንኳ፣ ተረከዜ ግድግዳውን ይደበድብ ነበር። ኳሷ ወደ እኔ ስትንከባለል አንዱ በሩጫ ይቀድመኝ ነበር፤ እኔ ከነካኋት ትፈነዳለች ይሉ ነበር፤ የጨርቅ ኳስ እንዴት እንደምትፈነዳ እንጃላቸው።

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ወጣት አሜሪካዊ፣ ሁላችንም ሚስተር ብቻ የምንለው፣ ካገሩ ኳስ ተላከለት። ለዕረፍት ወደ አስመራ ሲሄድ እስክመለስ ተጫወቱበት ብሎ ለደምሴ ሰጠው፤ ደምሴ የልጆቹ አለቃ ነበር። ኳሱን ያየ ሁሉ አዘነ። ቆዳው ቡናማ፣ ስፌቱ የሚያስቀና፣ ግን ሁለት ጫፉ እንደ ሎሚ የሾለ ነበር።

«በመርከብ ሲመጣ ዕቃ ጭነውበት ነው» አለ አንዱ።

«ምስኪን ሚስተር፣ ለካ በእጁ የሚወረውረው አፍሮ ነው!» አለ ሌላው።

በእግራቸው ሲመቱት ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ጎን እየፈነጠረ አስቸገራቸው። በዚህ ጊዜ ነው ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ የመጣው።

«አንተ የቀጥቃጭ ልጅ፣ አባትህ የተጣመመ ያቃና የለም?»

«ያቃናል።»

«ቆዳስ?»

«አባቴ የማያቃናው የለም።»

«እንግዲያው ይህን ክብ አድርጎ ይመልስልን። ክብ ከሆነ ትጫወታለህ።»

መንገዱን እንዴት እንደ ሮጥኩት አላውቅም። እናቴ እጇ ጭቃ እንደሆነ ቀና ብላ፣ «ምን ተሸክመህ መጣህ?» ስትለኝ፣ «የፈረንጅ ኳስ ነው፣ ታሟል» አልኳት። አባቴ ተቀብሎ አገላበጠው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ አሸተተው፣ «ቆዳ ነው፤ ቆዳ ውሃ ሲጠጣ እሺ ይላል» አለ።

«የሰው ዕቃ ነው፣ አሁኑኑ ይመለስ!» አለች እናቴ። «አንድ ነገር ቢሆን ኳሱንም በሉት ነው የሚሉን።»

«ከተቃናስ?» አለ አባቴ፤ ሲናገር የሚያየው እሷን ሳይሆን የእኔን እግር ነበር።

የጋለ ብረት በሚያቀዘቅዝበት ገንዳ ነክሮ ካሳደረው በኋላ ሁለቱን ሹል ጫፎች በሁለት ሳንቃ መካከል አስገብቶ፣ በጠፍር ወጥሮ አስሮ፣ እንዲደርቅ ከምድጃው አጠገብ አቆመው። እነዚያን ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ትምህርት ቤት ስሆን ልቤ ቤት ነበር፣ ቤት ስሆን ልቤ ሜዳው ላይ ነበር፤ እህል አፌ ላይ ይዞርብኝ ነበር። ደምሴ ጠዋት ጠዋት፣ «እህስ፣ ኳሱ እንዴት አደረ?» ይለኝ ነበር፣ እኔም እንደ ሐኪም፣ «ሆዱ ወጥቷል፣ ጫፉ ይቀረዋል» እለው ነበር።

አንድ ቀን እታለም ከገበያ ገብታ ሸክሟን እያወረደች ኳሱን ትኩር ብላ አየችው።

«አባዬ፣ እኔ ሚስተር ቤት ድስት ሳደርስ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሲጫወቱ አይቻለሁ። የዚያኛውም ኳስ እንዲሁ ሹል ነው። ሁለቱም በአንድ በሽታ ታመሙ?»

አባቴ ቀስ ብሎ ተነስቶ ጠፍሩን ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ፣ ኳሱ ጧ ብሎ ፈነዳ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ቤቱን ያ ሽታ ሞላው፣ የኳሱ ስፌት ተተርትሮ ውስጡ ያለው ላስቲክ እንደ ምላስ ወጥቶ ተንጠለጠለ። እናቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። አባቴን እሳት ሲያቃጥለው ብዙ ጊዜ አይቼው ነበር፣ እንዲያ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። መዶሻው አጠገብ ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንግዲህ ዓይኔ በላው» አለ።

በነጋታው ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ፣ ከዚያም በማግስቱ ቀረሁ። ትምህርት ቤት አልመለስም ብዬ በልቤ ጨርሼ ነበር። ኳስ ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ፈነዳ ከተባለ በአባቴ ላይ የሚወራው ታየኝ፤ ማረሻ የሚያመጣ ይጠፋል፣ እህቴን በገበያ የሚያናግራት ይጠፋል። እታለም ግን ሚስተር መመለሱን ሰምታ፣ የፈነዳውን ኳስ ከድስቶቹ ጋር አዘለችና በሩ ላይ ቆመች።

«ተነስ።»

«አልሄድም።»

«ብትቀር ማውራቱን የሚተዉ መስሎህ ነው? እዚያ ቆመህ ከሰማኸው ትመልሳለህ። እዚህ ተኝተህ ማን ይመልስልሃል?»

ግቢው ስንደርስ ደምሴ ገና ከሩቅ፣ «በሉት! ኳሱን በሉት!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሚስተር ምን እንደ ተፈጠረ ሳይገባው ወጣ። እታለም ሸክሟን አውርዳ ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠችለት፣ እጁ እንዳይነካት ወደ ኋላ አለችና ወደ ልጆቹ ዞራ፣

«ክብ ይሁን ብላችሁ የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ አባቴ የታዘዘውን ሠራ። እኔን እንደ ጅብ ከምታዩኝ፣ ኳሱ መጀመሪያውኑ ክብ ነበር ወይ ብላችሁ ባለቤቱን ጠይቁት!» አለች።

አንድ አስተማሪ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ሚስተር የተቀደደውን ኳስ አንስቶ ሲያየው ፊቱ ከፋው፤ አንድ ቀጥቃጭ ስንት ቀን ተቀምጦ ክብ ሊያደርግለት እንደ ደከመ ሲሰማ ግን፣ ሳቁ መጣበትና ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛው፣

«ይህ... የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። በእጅ ነው» አለን።

«እግር ኳስ በእጅ?»

«አዎ። በእጅ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ታዲያ ለምን እግር ኳስ ይሉታል?» «ስም አጥተው ነዋ!» እየተባባሉ ሲንከባለሉ፣ የአባቴ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አሜሪካ ገባች። ሚስተርም እንዳልተቀየመ ሊያሳይ ብሎ ነው መሰለኝ፣ በጨርቋ ኳስ ሊጫወት ገባ፤ ኳሷ ወደ እሱ በመጣች ቁጥር ግን እጁ እየቀደመ ይቀልባት ነበር። «ሚስተር፣ እጅ! እጅ!» ይሉታል፣ እሱ ይስቃል። እታለም ሸክሟን ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

«ክብ ኳስ የማያውቀውን እሱን ካጫወታችሁ፣ ወንድሜን ምን ብላችሁ ትከለክሉታላችሁ?»

ደምሴ ራሱን አከከና፣ «እሺ፣ ከሚስተር ጋር ይሁን» አለ።

እንዲህ ሆኖ አሜሪካ የሚባለው ቡድን ተመሠረተ። ሚስተር፣ እኔ፣ ዓይኑ በደንብ የማያይ አንድ ልጅ፣ ሮጦ የማይደርስ የዳኛ ልጅ፤ ሌላው የማይፈልገው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። በጋውን ሙሉ ተጫወትን፤ ከእኛ ጋር ተጫውቶ ያላሸነፈ አልነበረም። በልግም መጣ፣ ያው ነበርን። ብንሸነፍም ግን ይገፉኝ ነበር፣ እገፋቸው ነበር፣ አንገቴን ያቅፉኝ ነበር፤ ስወድቅ እጄን ይዞ የሚያነሳኝ ደምሴ ነበር። እግሬ እዚያ ሜዳ ላይ ሲሆን ብቻ ያርፍ ነበር፤ ሌላውን ጊዜ ሁሉ ነገ እስኪሆን እቅበጠበጥ ነበር።

ችግሩ መንገድ ላይ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ነክቼ፣ ያን ሁሉ ሰው ነክቶኝ፣ ወንዝ ሳልወርድ እናቴ ደጃፉን አታስረግጠኝም ነበር። በበጋ ቀላል ነበር፤ ሰኔ ሲገባ ግን ውሃው ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣ ነበር። እታለም መቀነቷን ፈትታ አንዱን ጫፍ ወገቤ ላይ አስራ፣ ሌላውን በእጇ ጠምጥማ፣ ፊቷን አዙራ ዳሩ ላይ ትቆም ነበር።

«ስንት ለስንት?»

«አምስት ለባዶ።»

«ለማን?»

«ለእነሱ።»

«በል ቶሎ ታጠብ፣ ነገም አለ።»

ያ ክረምት ሲያልፍ ሚስተር ወደ አገሩ ሄደ፣ የአባቴም ክንድ ደከመና ወናፉ እኔን ጠራኝ። ፊደሌን ይዤ ወጣሁ፣ ትምህርቴም እዚያው ላይ ቀረ።

አሁን ያኤል ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር ካለው ሜዳ ላይ ስትለማመድ አልፎ አልፎ አብሬ እሄዳለሁ። የሩሲያው ልጅ፣ የእኛ ልጅ፣ የእዚሁ አገር ተወላጁ፣ ጎል ሲገባ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራሉ፣ ከነጭቃቸው መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ ማንም ማንንም ስለነካ አይታጠብም። ደስ ይለኛል። እኔ ለመጫወት መነካት ነበረብኝ፣ ቤቴ ለመግባት መታጠብ ነበረብኝ፤ በሁለቱ መካከል ውሃ ነበረ። እነዚህ ልጆች ውሃውን አያውቁትም፣ አለማወቃቸውም መልካም ነው። ብቻ እዚያ አጥር ሥር ስቀመጥ እስካሁን አላርፍም፤ አንድ ሰው ዳር ቆሞ የመቀነቱን ጫፍ መያዝ ያለበት ይመስለኛል።

ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም ተብለን ስላደግን ከእታለም ሌላ ብያት አላውቅም። ዛሬ ራማት ቬርበር በሚባለው ሰፈር ከልጇ ጋር ትኖራለች፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል፣ የኳስ ነገር አሁንም አይገባትም። ይህን የሚያነብ ሰው ግን ያን ክረምት ማን እንዳሻገረኝ ይወቅልኝ፤ ስሟ ትርንጎ ነው።