እርጥቡ ተቃዋሚ

በጋብቻ ምዝገባ ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራውን ሰውዬ ሁሉም «ማኅተም» ይለዋል። ማኅተሙን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ስለሚያንጠለጥል ብቻ አይደለም፤ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ አንድም ቀን አሳርፎት ስለማያውቅ ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራው የትውልድ ዘመን በአንድ ቀን ተዛንፎ አገኘና ሁለት መቶ ዕድምተኛ ከነአበባው ወደየቤቱ መለሰ። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ ቢያለቅሱበት ወይ ፍንክች!

የሥራው ዋና ነገር አንዲት ጥያቄ ናት። ሙሽሮቹ ከመፈረማቸው በፊት ብድግ ይልና «ይህን ጋብቻ የሚቃወም አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ተቃዋሚ ከተገኘ ምክንያቱ ቅጽ ሰባት ላይ በሦስት ኮፒ ይሞላል፤ ሰውየው «ትቼዋለሁ» ብሎ ካልፈረመ ጋብቻው ለአሥራ አምስት ቀን ይታገዳል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ቅጽ ሰባትን ከአቧራ በቀር የነካው አልነበረም።

ከዚያ ያ የቴሌቪዥን የእሑድ ድራማ መጣ። በአሥራ አራተኛው ክፍል ላይ ሙሽራዋ ልትፈርም እስክሪብቶ ስታነሣ፣ በሩ ብርግድ ይልና ዝናብ ያበሰበሰው ጎረምሳ «አቁሙ! ይህ ጋብቻ አይፈጸምም!» ብሎ ይጮሃል። አገር ምድሩ አለቀሰ። በማግሥቱ ሰኞ ከመጡት አራት ጥንዶች ሁለቱ ተቃዋሚ ይዘው መጡ። ወር ሳይሞላ ተቃዋሚ የሌለው ሠርግ መታሚያ ሆነ። «ምነው፣ የሚቃወማት እንኳ አጣች?» ይባላል። እናቶች ለልጆቻቸው ተቃዋሚ ፍለጋ ዘመድ አዝማዱን መግቢያ መውጫ አሳጡት።

ተቃዋሚ ደግሞ ደረቅ አይሆንም። በጋም ይሁን ክረምት መርጠብ አለበት። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ መጀመሪያ «ወለሌን!» ብላ እሪ አለች፤ ኋላ ግን ከጎን በሩ ውጭ ባልዲና ጣሳ አስቀምጣ ነገሩን ራሷ ያዘችው። «ከፀጉርህ ጀምር። ጫማህን ተወው፤ አዳልጦት የሚወድቅ ተቃዋሚ ያስቃል እንጂ አያስለቅስም» ትላለች። ማኅተም በበኩሉ ሕግ ሕግ ነውና እያንዳንዱን እርጥብ ሰው አስቀምጦ ቅጹን ያስሞላዋል። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ሁሉም የሚጽፈው አንድ ነው፦ «ለድምቀት»። ከዚያ ትቼዋለሁ ብለው ፈርመው ኬካቸውን ይበላሉ።

እነዚህን ቅጾች እያነበበች ፋይል የምታደርጋቸው አጠገቡ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት። የማኅተም ጣጣም እሷው ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወዷታል። ጠዋት ጠዋት ቀድሟት ገብቶ መስኮቱን ይከፍትላታል። የሰውን ሙሽራ ሦስት ሦስት ጊዜ ለመጠየቅ የማይሰንፍ ሰው፣ እሷን አንድ ጊዜ መጠየቅ አቃተው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ተቀመጠ፤ እርግጥ ዝንብ አልገባበትም፣ ሌላም ነገር አልገባበትም። ዛሬ ነገ ሲል፣ ሆድ ይፍጀው ሲል፣ አንድ ቀን ፈገግ ብላ የራሷን የጋብቻ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ሙሽራው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ከአፉ ክፉ የማይወጣ ሰው። ማኅተም የትውልድ ዘመኑን አራት ጊዜ አጣራው። አልተዛነፈም።

የሠርጉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልክ ሊጀመር ሲል የጽዳቷ እትዬ እየሮጠች ገባች።

«ጉድ ፈላ! ተቃዋሚው አልመጣም! ያ ጎማ ጠጋኝ በሳምንት አራት ሠርግ ላይ ረጥቦ ይኸው ትኩሳት ጥሎታል።»

የሙሽራዋ ፊት ጥቁር አለ። «እንዲያው እንደ ምስኪን ያለ ተቃዋሚ ልዳር?» አለች። ከዚያ ወደ ማኅተም ዞረች። «አንተ ለምን አትቃወመኝም? ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተን ይቺን ብትውልልኝ ምናለበት?»

«እኔ እኮ ጠያቂው ነኝ።»

«ጠይቅና ውጣ፣ ረጥበህ ግባ» አለች እትዬ እጁን እየጎተተች። «ምንም አይከብድም ጋሼ።»

ማኅተም ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ መልስ አልተገኘም። መላሹ ራሱ ነውና በጎን በር ወጣ። እትዬ ሦስት ጣሳ ሙሉ አናቱ ላይ ደፋችበት። ውሃው አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። በሩን ገፍቶ ሲገባ መቶ ጊዜ የሰማው ቃል ከአእምሮው ብን ብሎ ጠፋ።

«አቁሙ» አለ በቀስታ። «ይቅርታ... ብትፈቅዱ፣ አቁሙ።»

«አይሰማም!» አለ አንዱ ከኋላ።

«መስኮቱን የምከፍተው ለአየር ብዬ አይደለም» አለ ማኅተም ሙሽራዋን እያየ። «ሲከፈት ፀሐዩ ጠረጴዛሽ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ገብተሽ ቁጭ ስትይ ‹እሰይ› ትያለሽ። እኔ ለዚያች ‹እሰይ› ነው ጠዋት ከቤቴ የምወጣው። አትፈርሚ። እባክሽ አትፈርሚ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የሙሽራዋ አክስት መነጽሯን አውልቃ «እንባ ነው ወይስ የባልዲው ነው?» ብላ ጠየቀች። ሙሽራው ሮጦ መጥቶ አቀፈው፤ አዲሱ ኮቱ በሰበሰ። «ወንድሜ፣ እኔ ራሴ አመንኩህ እኮ! ውለታህ አለብኝ» አለው።

ቅጽ ሰባት ግን አይቀርም። ማኅተም እየተንጠባጠበ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እንደ መዝጋቢ ስሙን ጠየቀ፣ እንደ ተቃዋሚ ስሙን መለሰ፣ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ለራሱ አሳየ። «ምክንያት» የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። አንዲት «ለድምቀት» ነገሩን ሁሉ በጨረሰችው። እሱ ግን ሐሰት ላይ ማኅተም አሳርፎ አያውቅም። በሦስቱም ኮፒ ላይ «እወዳታለሁ» ብሎ ጻፈና ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቀበለ። ተተኪ አልተመደበላትምና ከነቬሏ ተቀበለችው። አንደኛውን ኮፒ አነበበች፣ ሁለተኛውን አነበበች፣ ልዩነት ያለው ይመስል ሦስተኛውንም አነበበች።

«ይሄ ለድምቀት ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቅጽ ላይ ዋሽቼ አላውቅም።»

ሦስቱን ኮፒ ጠርዝ ለጠርዝ አስተካከለቻቸው። «አምና ብትለኝ ኖሮ» አለች፣ «ደረቅህን ብትመጣም አምንህ ነበር።»

«አሁንስ?»

ቀና ብላ ሙሽራውን አየችው። የረጠበ ኮቱን በመሐረብ እየጠራረገ፣ ለእሷ ትልቁን ቁራጭ ኬክ አስቀርቶ ይዞ ይስቃል። «አሁንማ ሰውየው ምን አጠፋ?» አለች።

ማኅተም አሥራ አምስቱን ቀን አሰበ። ሕጉ የሰጠው ነበር፤ አለመፈረም ብቻ ይበቃው ነበር። እሱም ሙሽራውን አየው። ከዚያ በሦስቱም ላይ «ትቼዋለሁ» ብሎ ፈረመ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲፈርም ፊርማ እንደዚያ ከብዶት አያውቅም። እሷም ፈረመች፣ ሙሽራው ፈረመ፣ እሱ ማኅተሙን መታ።

ሰኞ ጠዋት ገብቶ መስኮቱን ከፈተ። እሷ እረፍት ላይ ናት፤ ፀሐዩ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ፋይሏን ሊያጣራ አወጣው። ቅጽ ሰባት፣ አንደኛ ኮፒ አለ፤ ሁለተኛ ኮፒ አለ። ሦስተኛው የለም። መሳቢያውን በረበረ፣ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ፈለገ፣ እትዬንም ጠየቃት።

«እኔ ያነሣሁት ባልዲዬን ብቻ ነው» አለች። «ሙሽራዋ ግን ስትወጣ አንድ ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ።»

የጠፋ ኮፒ በዕለቱ ለኃላፊ ሪፖርት ይደረጋል፤ ደንቡ ግልጽ ነው። ማኅተም ፋይሉን ይዞ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ከዚያ ሽፋኑ ላይ «ሦስት ኮፒ፣ ተሟልቷል» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት።