ኤሱማ ያልተቀመጡበት በርጩማ

ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸውን የእናቴን ታላቅ ወንድም፣ እኛ ልጆች በኦሮምኛው ኤሱማ ነበር የምንላቸው። በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ውስጥ የቡና ማበጠሪያ ኃላፊ ሳሉ፣ የሚያሰናብቱትን ሠራተኛ በዘበኛ አስጠርተው አያውቁም። ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በር ላይ ቆመው ይነግሩታል። ይቀመጡ ቢባሉ እሺ አይሉም።

አንድ ክረምት የማበጠሪያው ባለቤት ለቃሚዎች ይቀነሱ አለ። እናቴም እዚያው ቡና ትለቅም ነበር። ኤሱማ በዝናብ መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ ነገሩ ቢገባትም በርጩማ አቀረበችላቸው።

«በቆምኩበት ይሻለኛል» አሉ። «እህቴን ትቼ የሰው እናት ማሰናበት አቃተኝ። ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

«እኔስ የሰው እናት አይደለሁም?» አለች፣ ወደ እኛ እያየች። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ዝናቡ ተመለሱ።

እሷ ቂም አልያዘችም፤ የያዝኩት እኔ ነኝ። በመጡ ቁጥር ያንኑ በርጩማ ታቀርብላቸው ነበር። እሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ቤታችን ተቀምጠው አያውቁም።

የለቅሶው ዕለት ቤታችን ሞልቶ መቀመጫ ጠፋ። አንድ ጎረቤት በርጩማውን ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ እናቴ ቀና አለች።

«እሱን ተወው» አለችው፤ «ሰው አለው።»