ወንድምና እህት በግጥም ሲጣሉ

ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ኢራናዊት አዛውንት አሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በፖለቲካ እንደተጣሉ አርጅተዋል። እማማ በወጣትነታቸው ንጉሡ ይውረድ ብለው አደባባይ የወጡ ናቸው፤ ወንድማቸው እስከ ዛሬ የንጉሡ ሰው ናቸው። ታዲያ እንደኛ ሰው አይጯጯሁም፤ የሚወራወሩት የድሮ ግጥም ነው። በአገራቸው ለሰልፉም፣ ለእስር ቤቱም፣ ለቤተ መንግሥቱም ግጥም አለ አሉኝ። ደንቡ ደግሞ ቀላል ነው፤ መልስ አጥቶ ቀድሞ በተራ ቃል የተናገረ ተሸነፈ።

ወንድማቸው እሑድ እሑድ ይመጣሉ። ዘንድሮ እማማ መርሳት ጀመሩና መሸነፍ አበዙ። በተሸነፉ ቀን ምሳ አይበሉም። አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥር፣ ቢጠፋኝ የምታስታውሺኝ አንድ ግጥም ያዢልኝ አሉኝ።

እኔ ልጅ ሆኜ የግዕዝ ጸሎት ትርጉሙን ሳላውቅ በቃሌ የያዝኩ ነኝ፤ ፋርስኛ አያቅተኝም። ብቻ ግጥማቸው ወይን ጠጅ ይበዛበታል ሲባል ሰምቻለሁና፣ ለመጠንቀቅ ወይን ጠጅ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለበትም፣ ስለ ንጉሥ ነው አሉኝ። ማታ በላይት ሬይል ባቡር ወደ ሰፈሬ ሬኒየር ቢች ስመለስ ዓይኔን ጨፍኜ አነበንበው ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች ያገሬ ልጅ በልሳን የምጸልይ መስሏት ጮክ ብላ አሜን አለችልኝ። ኧረ ኦርቶዶክስ ነኝ ብዬ ላስረዳት አሰብኩና ተውኩት።

እሑድ ወንድማቸው ግጥማቸውን አውርደው ሻያቸውን ፉት አሉ። የእማማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ግን ጠፋ። ወደ ኩሽና፣ ወደኔ አዩ። እንድል የታዘዝኩት የመጀመሪያዋን ስንኝ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ጸሎት ጀምሬ ማቋረጥ አላውቅም፤ እስከ መጨረሻው ወረድኩት። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ለካ ከላይ ያለው ንጉሡን ሲሰድብ፣ ከታች ያለው ደግሞ ንጉሡን አውርደው ወንበሩን የወደዱትን ይሰድባል። ለሁለቱም እኩል አደረስኳቸው። ስጨርስ እጄ በራሱ አማተበ።

ወንድማቸው ስኒውን አስቀምጠው በተራ እንግሊዝኛ፣

«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት?» አሉ።

«ተሸነፍክ» አሉ እማማ።

ወንድማቸው አልተቀበሉም፤ ኩሽና ያለ ሰው አይቆጠርም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ያለ ምንም ግጥም ምሳው እስኪያልቅ ቀጠለ። እማማ ሁለተኛ ሳህን አስጨመሩ።

ሳህኖቹን ሳነሳ እማማ ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ ግጥም አዘዙኝ። አሁንስ ትርጉሙን አስቀድመው ይንገሩኝ አልኳቸው።

«አይሆንም፤ ካወቅሽው ወገን ትይዣለሽ» አሉኝ።