ወንዙ የጠራው መሐንዲስ

ልጅ ሳለሁ፣ ሰበታ ውስጥ፣ ሲመሽ ከደጅ ስማችን ቢጠራ ወዲያው «አቤት» ማለት አይፈቀድልንም ነበር። ጋኔን የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው፤ ሰው ከሆነ ይደግማል ይሉናል። ይህን ያስተማሩን ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ናቸው። ድሮ በተጂ መንገድ ላይ የድልድይ ዘበኛ ነበሩ። ያኔ በክረምት አመሻሽ ላይ ቤታችን ብቅ ይሉና፣ የረጠበ ካፖርታቸውን ለፍሙ ሰጥተው፣ ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን እያሻሹ ወሬያቸውን ይጀምራሉ። እኔ ፈሪም ተረት ወዳድም ስለነበርኩ ከእናቴ ጀርባ ተለጥፌ እሰማለሁ።

«ወንዙ ሞልቶ ነበር» አሉ አንድ ምሽት፣ ኩራዙን ትክ ብለው እያዩ። «ከድልድዩ ሥር የመሐንዲሱ ስም ሲጠራ ሰማሁ። ድልድዩን የሠራው እሱ ነው፤ ሊያየው መጥቶ እኔ ጎጆ ውስጥ ተጠልሏል። ሮጬ ነገርኩት። ‹ጌታዬ፣ አደራ፣ አቤት እንዳይሉ!› አልኩት። እሱ ግን ፋኖሱን አንሥቶ ወረደ። ከታች ‹አቤት!› ሲል ሰማሁት።»

ሲወጣ እስከ ወገቡ ርሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር አሉ። ውሃው የመሃለኛውን ምሰሶ ከሥሩ ቦርቡሮታል። ወዲያው ሰው የሞላበት አውቶቡስ ከተጂ ደረሰ። መሐንዲሱ መንገዱ መሃል ቆሞ አላሳልፍም አለ። ሾፌሩ «ይሄንን ጋኔን የለከፈው አንሡልኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪዎቹም ወርደው ይጎትቱት ጀመር። እየጎተቱት ሳሉ ድልድዩ መሃሉ ላይ ታጥፎ፣ ያለ ብዙ ድምፅ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ አማተበ። መሐንዲሱ ግን ከቤቱ አስከሬን እንደወጣበት ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በኦቦ ገመቹ ወሬ ሁልጊዜ የሚያሾፈው አባቴ እንኳ ያን ምሽት ተነሥቶ ካፖርታቸውን ወደ ፍሙ አስጠጋላቸው።

«ታዲያ የጠራው ጋኔን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መሐንዲሱም ሲያለቅስ ቆይቶ ‹በማን ድምፅ ነው የጠራኝ?› አለኝ። ‹በራስዎ ድምፅ› አልኩት።»

ዛሬ እኔም መሐንዲስ ነኝ። ስለ ሸክምና ስለ ምሰሶ ብዙ አስተምረውኛል፤ ስለዚያ ድምፅ ግን ያነሣልኝ መምህር አልነበረም። ክረምት በገባ ቁጥር ከሠራኋቸው ድልድዮች ወደ አንዱ እወርድና ከሥሩ ቆሜ አዳምጣለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። መጠራቱንስ እችለዋለሁ። የምፈራው፣ አንድ አመሻሽ ላይ የራሴን ድምፅ ሰምቼ «ነፋስ ነው» ብዬ ወደ ቤቴ የሄድኩ እንደሆነ ነው።