አድማችንን ያልተቀላቀሉት አብዮተኛ

ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሪከንባከር በሚባለው ሰፈር፣ በምንሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ሃያ ሐበሾች ሥራ አቁመን ቆምን።

አዲሱ ሱፐርቫይዘር የሙስሊም ጓደኞቻችንን የሶላት ብሬክ ከልክሎ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ እምቢ አልን።

ጋሼ ታዬ ብቻ ካርቶን ማሸጋቸውን ቀጠሉ። አዎ፣ እድር በተሰበሰብን ቁጥር «እኛ ንጉሥ አውርደናል፤ የእናንተ ትውልድ ወኔው ሞቷል» የሚሉን ጋሼ ታዬ!

«ጋሼ፣ ኑ እንጂ!» አልኳቸው።

«እኔ ፕሮብሌም አልፈልግም ልጄ» አሉኝ። አልፈው ተርፈው «ያሳደመቻቸው ይቺ ናት» ብለው ለሱፐርቫይዘሩ ጠቆሙብኝ።

ሶላቱ ተፈቀደ። እሳቸውን ግን አልምራቸውም።

እሁድ እድር ላይ «የኛ ትውልድ» ብለው ሲጀምሩ ሃያችንም ብድግ ብለን እንወጣለን። አብዮታቸውን ለባዶ ወንበር ይተርኩ።

እናንተስ ጋ እንዲህ ያለ አብዮተኛ አለ? ከታች ጻፉልኝ። ጋሼም ያነቡታል፤ ታግ አድርጌያቸዋለሁ።