በሩ ላይ የተጋደመው ወንበር

አጎቴ ደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የላቦራቶሪ ምርመራ ቤት ሲከፍቱ ድረ ገጹን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። የሠራው ሰው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፣ ጠብቂው ተብሎ እኔ ላይ ወደቀ። ገና ስከፍተው ጉዱን አየሁት። ታካሚ ውጤቱን በስልኩ ሲያይ የፋይሉ ስም የድረ ገጹ አድራሻ ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ሁለት ነጠላ ነጥብና አንድ እዝባር (../) ጨምሮ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር የጻፈ ሰው፣ ከራሱ ፎልደር ወጥቶ የዚያን ሰው ፎልደር ይከፍታል። የፎልደሮቹ ስም ስልክ ቁጥር ነበር፣ ጉድ እኮ ነው።

መፍትሔው ጥቂት መስመር ኮድ ነው። የተጠየቀው ፋይል በእርግጥ ጠያቂው ፎልደር ውስጥ መሆኑን ማየት፣ ካልሆነ እምቢ ማለት። ግን የሰርቨሩ የይለፍ ቃል ያለው አጎቴ ጋ ነው። በራሳቸው ስልክ ከፍቼ አሳየኋቸው። ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ለጁምአ ሶላት ስወጣ የጨርቅ ሱቄ በር ላይ ወንበር አጋድሜ ነው የምሄደው። ወላሂ አንድ ክር ጠፍቶብኝ አያውቅም። እዚህ አገር የማይተዋወቅ ማን አለ?»

መተዋወቁ ነው ችግሩ፣ እንዴት ላስረዳቸው? ይልቅ ቀለሙን አሳምሪልኝ አሉ። አረንጓዴ መረጥኩላቸው።

ታናሽ እህቴ ያኔ ለኮምቦልቻ ልጅ ታጭታ ነበር። እዚያው አጎቴ ጋ ተመርምራ የጉበት ቫይረስ ተገኘባት። ሐኪሙ አትደንግጪ፣ እጮኛሽ ክትባቱን ይወስዳል፣ ትጋባላችሁ አላት። ለእጮኛዬ ራሴ ነኝ የምነግረው አለች። ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም።

የእጮኛዋ ወንድም ኮምፒውተር ይነካካል። የራሱን ውጤት ሊያይ ገብቶ አድራሻውን ሲጎረጉር የእህቴን ቁጥር ሞከረበት። ብዙም ሳይቆይ ከእጮኛዋ ቤት ሽማግሌዎች መጡ። ቤታችን ተቀምጠው የእህቴን ውጤት በስልክ ለአባቴ አሳዩት፣ ነገሩ ይቅርብን ብለውም ተነሡ። አባቴ እስኪወጡ ቀና አላለም።

አጎቴ ያን ቀን የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ደውለው ሰጡኝ። የአላህ ውሳኔ ነው አሉ። የራሳቸውን ሥራ አላህ ላይ ሲጥሉ ሰማሁና ስልኩን ዘጋሁባቸው። ዛሬም ሳያቸው ደሜ ይፈላል።

ኮዱን ጽፌ ስጨርስ እህቴ ከጀርባዬ ቆማለች።

«አሁን ተዘጋ?» አለችኝ።

«ተዘጋ።»

ስክሪኑን አየችው።

«ለጁምአ ቀጥሬው ነበር እኮ» አለች። «ልነግረው።»