የሳጅን ገመዳ ጎማ

ሳጅን ገመዳ ጡረታ ወጥቷል፤ ፖሊስነቱን ግን አልተወም። ሰላምታው ራሱ ምርመራ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ልትሄድ ነው፣ ማን አብሮህ አለ። እኔ ኢስሃቅ፣ የመለዋወጫ ሱቄ ከአብተው ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ፣ አዳማ ውስጥ ይህን ምርመራ እንደ እኔ የጠገበ የለም።

አብተውን ያሰረውም ይኸው ሰው ነው። ልጁ ያኔ ሐሺሽ ያጨስ ነበር፤ አንድ ቀን የተበላሸ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ሲያጨስ እጅ ከፍንጅ ያዘው። ፍርድ ቤት ቀርቦም ሳይጨምር ሳይቀንስ መሰከረ። "አጭሷል። የተገኘበት ግን ለራሱ እንጂ ለሽያጭ የሚሆን አልነበረም" አለ። ዳኛዋም ጥፋተኛ ብለው ቅጣቱን በገደብ አደረጉለት። ሌላ ጥፋት ካላጠፋ አይታሰርም ማለት ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሳጅን ብስክሌት መተንፈስ አመጣች። ሳምንት አይሞላም፣ እየገፋ ይመጣል። አብተው ይነፋለታል፤ እሱ በርጩማ ስቦ ዓይን ዓይኑን እያየ ያወራዋል። ቀዳዳ ቢፈለግ አይገኝም። አንድ ቀን ከሱቄ ጀርባ ብወጣ፣ የተከበረው ሳጅን ግድግዳ ተጠግቶ፣ አጎንብሶ የገዛ ጎማውን ያስተነፍሳል። ሳቄን አፍኜ ተመለስኩ።

አብተው ልዩን ለማግባት ሲነሳ ሳጅንን፣ አጎቱንና እኔን ሽማግሌ አድርጎ ላከን። የልዩ አባት አቶ ወልደአማኑኤል ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲፈትሽ የኖረ የጉምሩክ ሰው ነው። ሰውንም ሳይፈትሽ አያሳልፍም። አጎትየው መንገድ ላይ "እባካችሁ የእስሩን ነገር አናንሳው" ብሎ ለመነን። ሳጅን እርምጃውን አፈጠነ። እሱ እንደማይዋሽ ስለማውቅ፣ ልጁ ልዩን ቢያጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈለግኩም።

ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን። ከዚያ ፍተሻው ተጀመረ።

"ልጁ ሱስ አለበት?" አለ አቶ ወልደአማኑኤል።

አጎትየው አፉን ሳይከፍት ሳጅን ቀደመው። "ነበረበት። ሐሺሽ ያጨስ ነበር፤ ያሰርኩትም እኔ ነኝ።"

አጎትየው ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"አስረውት ሲያበቁ ደግሞ ሊድሩት መጡ?"

"ፍርድ ቤት ምዬ እውነቱን ተናግሬያለሁ፤ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አልዋሽም። ካቆመ ግን ዓመታት አልፈውታል።"

"ማቆሙን በምን አወቁ?"

ሳጅን ተንተባተበ። "ያው... ጎማ ለማስነፋት ስሄድ..."

"በጎማ ነው ልጄን የምድረው?" አለ አባትየው፤ ሊነሳም ቃጣው።

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ። "አቶ ወልደአማኑኤል፣ የዚህ ሰውዬ ጎማ ደህና ነው። እያስተነፈሰ የሚመጣው ራሱ ነው፤ ልጁ ወደ ሐሺሹ አለመመለሱን በየሳምንቱ የሚያይበት ሰበብ ሲፈልግ። ማንም አላዘዘውም። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ሳጅን እስከ ጆሮው ቀላ። ከጓዳ የልዩ ሳቅ ፈነዳ።

"አንቺም ታውቂያለሽ?" አለ አባቷ።

"አባዬ፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።"

አቶ ወልደአማኑኤል ሳጅንን አተኩሮ አየው። በኋላ መሳቅ ጀመረ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። "ደንቡ ቀጠሮ መስጠት ነበር" አለ። "እንዲህ የሚጠብቀው ሰው ካለውስ ምን እጠይቃለሁ? ሰጥቻለሁ።" አጎትየው እልል ሊል ምንም አልቀረውም።

አብተው ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ፊታችንን አይቶ ገባው፤ ሁላችንንም እያቀፈ ሳመን። ከዚያ መንፊያውን አንስቶ፣ ጠዋት እዚያው በተውናት በሳጅን ብስክሌት ፊት ተንበረከከ። ጎማዋ እንደ ልማዷ ተንፍሳለች። ነፍቶ፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አየና ቀና አለ።

"ሳጅን፣ ከእንግዲህ አያስተንፍሷት" አለው። "ዝም ብለው ይምጡ።"

ሳጅን ገመዳ የሚጠይቀው አጣ። "ቶሌ፣ እሺ" አለና በርጩማውን ሳበ።